ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ወፍ ማየት

ከደሴ የምንነሳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። "ትንሽ አረፈድ ብንልስ?" የሚል ሰው በየጉዞው አይጠፋም። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ አይሆንም። ሐይቅ ዳር ወፍ በደንብ የሚታየው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይበረታል፣ ነፋሱ ይነሳል፣ ወፎቹም ወደ ፊላው ይገባሉ። አርፍዶ የደረሰ ሰው ውኃውን ያያል እንጂ ወፎቹን አያይም።

እኔ ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰባት ስምንት ሰው ይዤ ወደ ሐይቅ እወርዳለሁ። አስተማሪዎች አሉ፣ የባንክ ሠራተኞች አሉ፣ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ለሠርግ መጥተው አንድ ቀን የተረፋቸው እንግዶች አሉ። ባሕር የለንም፤ ወሎ ውስጥ የውኃ ወፍ ማየት የፈለገ ሰው ግን የሚቆጨው ነገር የለም። ሐይቅና አርዲቦ የሚባሉት ሁለቱ ሐይቆቻችን ጎን ለጎን ተቀምጠውልናል። ይህን የምጽፈው ያለ እኔም ቢሆን በደንብ አይታችሁ እንድትመለሱ ነው።

መቼ እንሂድ ለሚለው፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። አውሮፓና እስያ ሲበርድ ብዙ ወፎች ወደ እኛ ይወርዳሉ። ዳክዬዎች፣ ጭቃ ላይ የሚሮጡ ባለ ቀጭን እግሮች፣ ቢጫ ሆድ ያላቸው ጅራተ ረጃጅሞች ይመጣሉ። በክረምት የሚሄድ ሰው ነዋሪዎቹን ወፎች ያገኛል፤ ጭቃው ግን ከባድ ነው፣ ጉሙም እስከ ረፋድ ላይነሳ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ቀን መቁጠሪያ ላይ እዩ። ጥቅምት 17 እና ጥር 1 የእስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 ደግሞ የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። በእነዚህ ቀናት ገዳሙ ዙሪያ ሰው ይበዛል። ለበዓሉ ሂዱ፣ ደስ ይላል። ለወፍ ግን ሌላ ቀን ምረጡ።

መንገዱ አጭር ነው። ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በወልድያው አስፋልት ጢጣን አልፎ ቁልቁል ነው። ከከተማው ውኃው ድረስ ባጃጅ አለ። በዋዜማው መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮቹን ስለ መንገዱ ጠይቁ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ደህና ነው ካላሏችሁ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፉት። ወፎቹ የትም አይሄዱም።

ልብስ ላይ ብዙ አልቆይም። ደሴ ሲበርድ ሐይቅ ይሞቃል፤ ስለዚህ ደራርባችሁ ልበሱና እያወለቃችሁ ሂዱ። ነጭና ደማቅ ቀይ ተዉ። አረንጓዴ፣ ቡኒ፣ አመድማ ይሻላል። ነጠላ የምትለብሱ እህቶች ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙት፣ ገዳሙ ጋ ስትደርሱ ታወጡታላችሁ። ጫማው እርጥብ የሚችል ይሁን። ውኃው ውስጥ ግን አትግቡ። በሀገራችን ብዙ ሐይቅና ወንዝ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ለአንድ ፎቶ ብላችሁ በሽታ አትሸምቱ።

ባይኖኩላር ላይ ግን መቆየት አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው።

ዕቃው ላይ 8×42 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው። 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሲሰፋ ብርሃን ብዙ ያስገባል፤ ማለዳ ላይ የሚያስፈልገን ደግሞ እሱ ነው። "ይሄኛው 16 ያቀርባል" ብሎ ነጋዴ ሲያግባባችሁ እሺ አትበሉ። ወፏን ሲያጎላ የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል። ከሰው ተውሳችሁም ቢሆን 8 ይዛችሁ ኑ። ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል።

አሁን አስተካክሉት። ሁለቱን ቱቦዎች እንደ መጽሐፍ ከፈት ዘጋ አድርጉ፤ ሁለት ክብ ሳይሆን አንድ ክብ ሲታያችሁ አቁሙ። የቀኙን የፊት መስታወት በመዳፋችሁ ሸፍኑ። በግራ ዓይናችሁ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ አነጣጥሩና መሐል ያለውን ጎማ እያዞራችሁ አጥሩት። ከዚያ የግራውን ሸፍኑ። ያንኑ ቅርንጫፍ በቀኝ ዓይን እያያችሁ የቀኙ ዓይን ማስጠጊያ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ሲጠራላችሁ አለቀ። ቀኑን ሙሉ የምትነኩት የመሐሉን ጎማ ብቻ ነው። መነፅር የምታደርጉ ሰዎች የዓይን ማስጠጊያውን ላስቲክ ወደ ታች አጥፉት፤ አለበለዚያ የምታዩት ቀዳዳ ብቻ ይሆናል።

ወፏን በባይኖኩላር አትፈልጓት። በባዶ ዓይን አግኟት። ዓይናችሁን ከእሷ ላይ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ይህን ሚኒባስ ስትጠብቁ መብራት እንጨት ላይ ባለ ቁራ ተለማመዱት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እና በፍጹም ፀሐይን በእሱ አትዩ፤ ዓይን ያጠፋል።

አስጎብኚ ሲመጣ፣ ሐይቅ ዳር "ላስጎብኛችሁ" የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ጥሩ ጥሩ ልጆችም አሉ። እኔ የምለይበት አንድ ጥያቄ አለኝ። "ትናንት ምን አየህ?" እለዋለሁ። "ሁሉም ወፍ አለ" ካለኝ አመስግኜ አልፋለሁ። "እዚያ ማዶ ደንገሉ ሥር ሁለት ዝይ ከነጫጩቶቻቸው ነበሩ፣ ረፋድ ላይ ግን ከብቶች መጥተው ተነሱ" ካለኝ፣ የቀኑ ሰው እሱ ነው። ዋጋውን፣ ሰዓቱንና ጀልባ ይኑር አይኑር ገና ሳትነሱ ተነጋገሩ። ሲመሽ መከራከር ለማንም ጥሩ አይደለም።

እኔን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ናቸው። የወፍ መጽሐፍ ይዘው አያውቁም። መጀመሪያ ሰሞን እዚህም እዚያም ስሮጥ አይተው ጠሩኝ። "ልጄ፣ ወፍ እንግዳ ነው። እንግዳ ዓይን ዓይኑን አይታይም። ተቀመጪ" አሉኝ። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መረባቸውን እየፈቱ አንድ ሰዓት አወሩኝ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ከዚያ በፊት በሦስት ጉዞ ካየሁት በላይ አየሁ። ከዚያ ወዲህ የማስተምረው ይህን ነው። ተቀመጡ።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ስለዚህ ጠዋት ከምሥራቅ በኩል ወደ ምዕራብ ማየት የሚቻልበትን ዳርቻ ፈልጉ። ፊላና ቄጠማ ያለበት፣ ከፊቱ ግን ክፍት ውኃና ትንሽ ጭቃ ያለው ቦታ ምረጡ። ሦስቱ ከተገናኙ ብዙ ዓይነት ወፍ ይገናኛል። ከቁጥቋጦ ፊት ሳይሆን ከቁጥቋጦው ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ስልክ ድምፁ ይጥፋ። ወሬ በሹክሹክታ ይሁን። በጣት መጠቆም አይቻልም፤ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ወፍ ይበራል። በሰዓት ቆጣሪ ተነጋገሩ። ፊት ለፊት ያለው 12 ሰዓት ይሁን፣ ቀኝ ጎናችን 3። "2 ሰዓት ላይ፣ ግንዱ ጫፍ" ከተባለ ሁሉም ያገኘዋል።

የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ባዶ ነው። ሰው ይቁነጠነጣል። አንዱ ተነስቶ ልሂድ ይላል። አትነሱ። እኛ ስንመጣ የተደበቀው ሁሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትወጣው ጥቁሯ ናት። መላ ሰውነቷ ጥላሸት ነው፣ ምንቃሯና ግንባሯ ብቻ ነጭ። እኛ በጉዞአችን "ግንባረ ነጯ" እንላታለን። በመራቢያዋ ጊዜ ከነጩ ግንባር በላይ ሁለት ቀይ እንክብሎች ታወጣለች፤ በባይኖኩላር ሲያዩዋቸው ሁለት የበርበሬ ፍሬ ይመስላሉ። አጠገቧ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ብቅ ካለችና ገና "ያቻት!" ሳትሉ ከጠፋች ጠላቂዋ ናት። የት እንደምትወጣ ገምቱ። ልጆች ይዤ ስሄድ ይህን ጨዋታ በጣም ይወዱታል።

ውኃው ላይ የተነጠፉ ቅጠሎች ካሉ ዓይናችሁን እዚያ አቆዩ። ቡኒ ሰውነት፣ ነጭ አንገት፣ ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ጋሻ የመሰለ ነገር ያላት ወፍ ቅጠሉን እየረገጠች ትሄዳለች። አትሰምጥም። ጣቶቿ ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው፤ ክብደቷ ቅጠሉ ላይ ይከፋፈላል። ጃካና ትባላለች። የእሷን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል። እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፎቹ ሥር አስገብቶ ይሸከማቸዋል፤ የዚያን ጊዜ ከጎኑ ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ። አንድ ጥቅምት ላይ ይህን በዓይኔ አየሁ። አራት እግር ቆጠርኩ፤ ሁለት ጫጩት ማለት ነው። ቦታውን ሳልለቅ እስኪያወርዳቸው ጠበቅሁ። ከዚያ አንደኛዋ ወርዳ ቅጠል ላይ ያለች ትንኝ ለቅማ በላች። እሱ ቆሞ ያያታል።

ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር ሆና አየር ላይ ቆማ ክንፏን የምታርገበግበው ዓሣ አጥማጇ ናት። ራሷ አይንቀሳቀስም፣ ክንፏ ብቻ ነው የሚመታው። ከዚያ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። ከያዘች ወደ ግንድ ሄዳ ዓሣውን ግራና ቀኝ ታጋጨዋለች። ደረት ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለ ወንድ ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነና እሱም መሐሉ ላይ ከተቆረጠ ሴት ናት። እንጨት ላይ ክንፉን ዘርግቶ እንደ ልብስ ያሰጣው ጥቁር ወፍ ደግሞ ኮርሞራን ነው። ላባው ውኃ ስለሚያስገባ ከጠለቀ በኋላ ማድረቅ አለበት። ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነ ትልቅ ወፍ ካያችሁ የዓሣ ንስር ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል።

ዛፎቹንም አትርሱ። ዋርካ መንታ ላይ የጭራሮ ክምር፣ ያውም ሰው የሚያስቀምጥ የሚያህል፣ ካያችሁ ሰው የሠራው እንዳይመስላችሁ። ራሷ መዶሻ የምትመስል፣ ሙሉ ቡናማ ወፍ አለች፤ ቤቷ ነው። በሩ ከጎን ነው፣ ውስጡ በጭቃ የተለሰነ ነው። እሷ ስትለቀው ሌሎች ወፎች ይገቡበታል።

ሣር ላይ ከከብቶቹ እግር ሥር የሚሄዱት ነጫጮቹ ሳቢሳዎች ናቸው፤ ከብቱ ሲራመድ የሚነሳውን ፌንጣ ይለቅማሉ። መሐላቸው ጅራቷን ወደ ላይ ወደ ታች የምታደርግ ትንሽ ቢጫ ወፍ ካለች አክብሯት። ከአውሮፓ ወይም ከእስያ በርራ የመጣች ናት። እረኞቹን ሰላም በሏቸው፣ ከብቶቹን አታስደንግጡ፣ ሣሩ የእነሱ ነው።

አሁን ስለ ጀልባ። ብትፈልጉ ውጡ፣ ውኃው ላይ መሆን ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት ሰው ይዤ ፊላው ዳር ደረስን። ግንባረ ነጯ ጎጆዋ ላይ ተቀምጣለች። አንዱ እንግዳ ፎቶ ፈለገ። ቀዛፊው ልጅ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። "ትንሽ ቅረብ" ያልኩት እኔ ነኝ። ወፏ ተነሳች። አምስት እንቁላል ነበር፣ ነጣ ያለ፣ ጠቃጠቆ ያለበት። እኛ ገና ሳንርቅ ጭልፊት ከላይ ወረደ። አንዱን ወሰደ፣ ተመልሶ ሌላውን ወሰደ። እሷ ከጎን እየዋኘች ትጮሃለች። ማንም ሰው ጀልባው ላይ አልተናገረም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው። ወፏ መብላቷን ወይም ላባዋን ማበጠሯን ትታ አንገቷን ቀና ካደረገች፣ ተጠግታችኋል። ወደ ኋላ በሉ። ጎጆ ካያችሁ ቦታውን አትጠቁሙ፣ ፎቶውን ከነቦታው ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ። ድንጋይ ወርውሮ የሚያስነሳላችሁ አስጎብኚ ካለ ወዲያው አስቁሙት። በርራ የተነሳች ወፍ ጥሩ ፎቶ ትሆን ይሆናል፤ ለእሷ ግን የጠዋት ምግቧ ነው የተቋረጠው።

ረፋድ ላይ ወደ ገዳሙ እንሄዳለን። ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳም ያደረጉት፣ ብዙ ሊቃውንት የወጡበት ቦታ ነው። ሴት አትገባም። ወንዶቹ ገብተው መጻሕፍቱንና ቅርሱን ሲያዩ እኔና እህቶቼ ከውጭ ዛፎቹ ሥር እንቀመጣለን። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ለዘመናት ሳይቆረጥ የኖረ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ወፍ ይወዳል። ክንፈ ጥቁሯን አረንጓዴ በቀቀን ጥርት አድርጌ ያየሁት እዚያ ቁጭ ብዬ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለችም። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ወንዶቹ ሲወጡ "ምን አያችሁ?" ይሉናል፣ እኛም "እናንተስ?" እንላቸዋለን፤ ምሳው በዚያ ወሬ ያልፋል።

ምሳ ዓሣ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን። ቆሮሶውን በጥብስ፣ አምባዛውን በጉላሽ እወዳለሁ። ቀድማችሁ እዘዙ፣ ይቆያል። ስትበሉ ላስቲክና የውኃ ጠርሙስ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን የምለው ለሥነ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ከላይ ከአርዲቦ የሚመጣው ወንዝ ወደ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ነገር ሁሉ፣ ሳሙናውም ፌስታሉም፣ እዚያው ይቀራል። ዓሣ ማጥመጃ ክር መሬት ላይ ካያችሁ አንሱት። እግሩን ተጠልፎ የሚያነክስ ወፍ አይቻለሁ።

ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላል። አቦሉ ሲቀዳ ደብተር አወጣለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ከዚያ የወፎቹን ዓይነትና ብዛት እንጽፋለን። ስም ካላወቃችሁ ቅርፁን ጻፉ፤ ምንቃር፣ እግር፣ ቀለም፣ ምን ስታደርግ እንደነበር። በኋላ ከመጽሐፍ ታገኟታላችሁ። ብዙ መንጋ ሲሆን አንድ በአንድ አትቁጠሩ። አሥር ቁጠሩ፣ አሥሩ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ልብ በሉ፣ ከዚያ ያንን ስፋት እያንቀሳቀሳችሁ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ በሉ። ኢበርድ የሚባለው መተግበሪያ ላይ ብታስገቡት ደግሞ ለተመራማሪ ይጠቅማል። በየዓመቱ ጥር አካባቢ በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፍ ቆጠራ ይካሄዳል፤ ሀገራችን ውስጥ በ1966 በፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለዓመታት በወፍ ላይ ሠርቷል። ቶናው ላይ ሁሌ ክርክር አለ። ስምንት ነው ያለ፣ አሥራ አንድ ነው ያለ። ያልተስማማንበትን ሁለቱንም እንጽፋለን። በረካው ሲደርስ ደብተሩ ይዘጋል።

ጉልበት የተረፈው ወደ አርዲቦ ይውጣ። ትንሽ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ሰው ይቀንሳል። ለጀማሪ ግን በአንድ ቀን ሁለቱን አልመክርም። መኪና ውስጥ ያለፈ ሰዓት ወፍ ያልታየበት ሰዓት ነው።

እኔ ከሰዓት በኋላ ወደ ውኃው ዳር እመለሳለሁ። 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ ወፎቹም እንደገና ይወጣሉ። አሁን ፀሐይ ዞራለችና እናንተም ዙሩ፤ ጠዋት ከተቀመጣችሁበት ማዶ ይሻላል። ወደ 11 ሰዓት ግድም ከማሳው በኩል ጩኸት ይመጣል። ታውቁታላችሁ፣ ደሴ ጣሪያ ላይም ይጮሃል። ጠቆር ያለ፣ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ጉሮሮው ሥር ቁራጭ ሥጋ የተንጠለጠለበት ወፍ ነው፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ይህም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ነው። በቡድን እየተጠራሩ ወደ ማደሪያቸው ያልፋሉ። ከኋላቸው ሳቢሳዎቹ ዝቅ ብለው ውኃውን ታክከው ይመጣሉና አንድ ዛፍ ላይ ያርፋሉ፤ ዛፉ ነጭ እስኪሆን።

ባጃጁን ለ11 ሰዓት ተኩል ቅጠሩት። ቀድሞ ከመጣ ሞተሩን አጥፍቶ ራቅ ብሎ እንዲጠብቅ ንገሩት፤ ዛፉ ላይ ገና እየሰፈሩ ነው።